የታጠበው ጮጮ

ለሰው የሚነበብ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም።

ነገሌ ዳር በተቆፈረው የዓሣ ኩሬ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ፤ ምግብ እበትናለሁ። ከሐይቅ በበርሜል የመጡት ዓሦች ሆዳቸው እየተነፋ፣ ነጭ ክር የመሰለ ኩስ እየጎተቱ ይሞቱ ጀመር። የኩሬው ኃላፊ የሆኑት የዓሣ ባለሙያ እርጎ ከፉርሽካ ጋር አሽቼ እንድሰጣቸው አዘዙኝ።

«እርጎው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ደግ ተሕዋስያን አሉ። ዓሦቹ አንጀት ውስጥ ቀድመው ቦታ ከያዙ በሽታው መግቢያ ያጣል» አሉኝ። እርጎው የሚረጋበት ጮጮ ግን እንዳይታጠብ፣ እንዳይታጠንም፤ ከሥሩ ሁልጊዜ አሮጌው እርጎ ይቅር አሉ።

ወተቱ የእናቴ ነው፤ ጮጮውም የእሷ። የቦረና ሴት ዕቃዋን ሳታጥን ወተት አታኖርም። «አትጠቢ» ማለት እሷን መስደብ ስለመሰለኝ ለመንገር አፈርኩ። ጮጮውን ኩሬው ዳር ካለችው ጎጆ ደበቅሁት።

ቦኖ ላይ ሴቶቹ ይስቁብኝ ነበር። «አካም፣ የዓሣ እናት! ልጆችሽ ጡት ጣሉ ወይስ ገና ናቸው?» አንዷ ግን አልሳቀችም። «በዚህ ድርቅ፣ ልጄ ያጣውን ወተት ውሃ ውስጥ ትደፊያለሽ» አለችኝ። ጀሪካኔን አንስቼ ሄድኩ።

ሞቱ ግን ቆመ። ባለሙያው ደስ ብሏቸው፣ «ከአውራጃ የሚመጡት እንግዶች ዓሦቹን ደህና ካገኟቸው ቋሚ ትሆኛለሽ» አሉኝ። ለቋሚ ሠራተኛ ማታ መማር ይፈቀዳል። ሰባተኛ ክፍል የገባሁ መሰለኝ።

እናቴ እንግዳ ይመጣል ሲባል ሰምታ፣ እኔ ሳልኖር ወተት ይዛ መጣች። ስመለስ ጮጮው በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ትኩስ ወተት ተሞልቶ ቆሟል። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ፈገግ ትላለች። አመስግኜ ሸኘኋት። መታጠቡን ለባለሙያው አልነገርኩም።

ወተቱ ጭስ ጭስ እንዳለ ሳይረጋ ሰነበተ። እኔም እንዲያው ከፉርሽካው ጋር እያሸሁ በተንኩት። በሳምንቱ የዓሦቹ ሆድ ዳግም ተነፋ። እንግዶቹ የመጡ ዕለት ኩሬው ላይ የሚታየው የተገለበጠ ሆድ ብቻ ነበር።

«ጮጮውን ማን አጠበው?» አሉ ባለሙያው፣ የወይራውን ጭስ አሽትተው።

«እኔ ነኝ።»

«ንጽሕናሽን ለባልሽ ቤት አቆዪው!»

በዚያው ተሰናበትኩ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ዓሦቹ እንዳለቁ፣ ሥራውም እንደቀረ ብቻ ነገርኳት። አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ተይው ልጄ፤ ደግነቱ ጮጮውን አጥቤልሽ ነበር። እንደዚያ ቆሽሾ ቢያዩት ምን ይሉሽ ነበር?»