ላንስ ኮር

ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ገና አዲስ በነበረበት ዘመን፣ በምኖርባት የስዊድን ከተማ በሱንድቢበሪ፣ ቢብሊዮቴክ በሚሉት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሕዝብ የተፈቀደው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበር። ስምሽን ዝርዝሩ ላይ ትጽፊያለሽ፣ ግማሽ ሰዓት በነፃ ይሰጥሻል። እኔ ሄምሼንስት ነበር የምሠራው፤ በየቤቱ እየዞርኩ አሮጊትና ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአንዷ አሮጊት ወደ ሌላዋ እስክሄድ የምትተርፈኝን ጊዜ ለእናቴ አባት ሰጠኋት።

የእሱን ነገር ላጫውታችሁ። ጣሊያን ለቆ የእንግሊዝ ጦር ደሴ በገባ ጊዜ አንድ ወታደር ያለ ኒካህ ከአያቴ ጋር ጥቂት ወራት ኖረ። ጦሩ ሲነሣ እሱም ሄደ፤ እናቴ ግን በአያቴ ሆድ ውስጥ ቀረች። የተወላቸው ነገር አንድ ፎቶግራፍ ነው። ከጀርባው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበረበት፤ አያቴ ፊደል የሚያውቅ ሰው እስክታገኝ ግማሹን አይጥ በላው። አንድ አስተርጓሚ የተረፈውን አነበበላት፦ «ላንስ ኮር… ከዚህ ወዲያ የለም። በቃ፣ ስሙ ላንስ ነው።»

እናቴም የላንስ ልጅ ሆነች። ትምህርት ቤት ስትገባም፣ ክሊኒክ ካርድ ስታወጣም ከስሟ ቀጥሎ ላንስ ተጻፈ። ልጆች «ዲቃላ! አባትሽ ማነው?» እያሉ ሲከተሏት ዞር ብላ «ላንስ ነዋ! ያንተን ማን ያውቀዋል?» ትላቸው እንደነበር ስንት ጊዜ እየሳቀች ነግራኛለች።

ያን ዓመት ልቧን ታመመች። ስልክ ያለው ጎረቤት ሱቅ ስለሆነ እሑድ እሑድ እደውልና ባለሱቁ ይጠራልኛል።

«ልጄ፣ ፈረንጅ አገር ሁሉ ነገር በማሽን ይገኛል አሉ። የአባቴን ወገን ፈልጊልኝ። ምንም አልፈልግባቸውም፤ አለን ካሉኝ ይበቃኛል።»

«እማዬ፣ እኔ ስዊድን ነኝ፤ እነሱ እንግሊዝ ናቸው።»

«ኤዲያ! ሁለቱም ብርድ አይደሉም እንዴ?»

እንግሊዝኛዬን ከመዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት። እንደዚያም ሆኖ በጎ ፈቃደኞች የእንግሊዝን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እየገለበጡ በነፃ የሚያስቀምጡባቸውን ገጾች አገኘሁ። የሚፈለገው ሰው ስም የሚሞላባቸው ሁለት ባዶ ሣጥኖች አሉ፤ የመጀመሪያው ስም ይላል፤ ሁለተኛው የቤተሰብ ስም። በኛ ልማድ በሁለተኛ ደረጃ የሚጻፈው የአባት ስም አይደል? ላንስን እዚያ ላይ ጻፍኩት። ወዲያው ላንሶች መጡ! ገበሬው፣ ከሰል ቆፋሪው፣ ልብስ ሰፊው። ሁሉንም በደብተር ገለበጥኩ። ልብስ ሰፊ መኖሩን ለእናቴ ስነግራት፣ «ለዚህ ነዋ እጄ መርፌ የሚወደው!» ብላ ደስታዋን አልቻለችውም።

ደብተሩ ሊሞላ ሲል ታሪኩን ያጫወትኳት የቢብሊዮቴኩ ሠራተኛ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ።

«ቆይ፣ ላንስ የራሱ ስም ነው አላልሽኝም? የቤተሰቡ ስም እኮ ሌላ ነው፤ በ‹ኮር› የሚጀምረው።»

«የአባቱ ስም ማለትሽ ነው?»

«የአባቱም፣ የአያቱም፣ የሁሉም።»

«ሁሉም በአንድ ስም ነው የሚጠሩት? ታዲያ እንዴት ይለያያሉ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን የስንት ማክሰኞ ልፋቴ፣ ልብስ ሰፊው ሳይቀር፣ ከንቱ መሆኑ ገባኝ። እንደገና በ«ኮር» ጀመርኩ። በ«ኮር» የሚጀምር የቤተሰብ ስም ማለቂያ የለውም። ሲደክመኝ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ገጽ ላይ የፎቶውን ጀርባ ፊደል በፊደል ገልብጬ፣ የምታውቁ እርዱኝ ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ መልስ መጣ። የጻፉልኝ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ወታደር ናቸው። «ውድ እመቤት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ስም አይመስለኝም። ላንስ ኮርፖራል የሚለው ማዕረግ መጀመሪያ ነው። ስሙ ከዚያ ቀጥሎ ነበር።»

መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ። ምክትል አስር አለቃ ይላል። ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት፤ ያው ነው። አይጡ የበላው ስሙን ኖሯል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የአባቷ ስም መስሏት አቤት ስትል የኖረችው ለ«ምክትል» ነው። የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ማዕረግ የነበራቸው ስንት ይሆናሉ ብዬ ጻፍኩላቸው። «በሺህ የሚቆጠሩ። ያለ ስም አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፤ በጣም አዝናለሁ» አሉኝ።

ያን ቀን ወደ ሁለተኛዋ አሮጊት ቤት ደረጃውን ስወጣ፣ በየበሩ የፖስታ ማስገቢያው ላይ የቤተሰብ ስም ተጽፏል። ስንት ዓመት የወጣሁት ደረጃ ነው፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዱን እያነበብኩ ወጣሁ።

እሑድ ደወልኩ።

«አገኘሽልኝ?» አለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

ልነግራት ነበር፤ ወላሂ ልነግራት ነበር። ከኋላዋ የሱቁ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል። የዚያ ሰፈር ሰው ነው ዲቃላ ሲላት የኖረው።

«እማዬ… ላንሶቹ ብዙ ናቸው።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«በሺህ የሚቆጠሩ።»

ከስልኩ ፊቷን አዙራ፣ «ሰማችሁ? ወገኖቼ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው! አልሐምዱሊላህ!» አለች።

«ታዲያ አንዱ እንኳ ቡናና ስኳር ይላክልና!» አለ ባለሱቁ፤ ሱቁ በሙሉ ሳቀ፣ እሷም እስኪያስላት ሳቀች።

«በይ ለሁሉም ሰላም በይልኝ» አለችኝ።

«ለሁሉም?»

«አዎ ለሁሉም። አንዱን ሰላም ብዬ ሌላው ቢቀየመኝስ?»

«እሺ እማዬ» አልኳት።

ማክሰኞ እንደ ልማዴ ስሜን ዝርዝሩ ላይ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓቴ እስኪያልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ሁለት ባዶ ሣጥኖች ፊት ተቀመጥኩ፣ የእናቴን ሰላምታ እንደያዝኩ።