ሴቷ የሜዳ ፍየል

አቃቂ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ አዳኞች የገደሉትን አውሬ ራስና ቆዳ ለግድግዳ እያዘጋጀን እናስረክብ ነበር። የእኔ ሥራ መለካት ነው። የራስ ቅሉ ተቀቅሎ ከደረቀ በኋላ ቀንዱን በሜትር እለካለሁ። ጾታውን፣ ዕድሜውንና ጥይቱ የገባበትን ካርድ ላይ ጽፌ እፈርማለሁ። ካርዱ በሽቦ ቀንዱ ላይ ይታሰርና የአደን ፈቃድ ወደሰጠው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ማንም አላስተማረኝም። ከአሮጌ መጻሕፍትና ከቅሎቹ ከራሳቸው ነው የተማርኩት።

አንድ ቀን ጠዋት አዲስ ካኪ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ገባ። ደረቱ ላይ በተደረደሩት የጥይት መሰኪያዎች ውስጥ እስክሪብቶ ሰክቷል። ከኋላው ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ማዳበሪያ ተሸክመው ተከተሉት። ሽማግሌው የአደኑ ስካውት ናቸው፤ አዳኙ ከተፈቀደለት ውጭ እንዳይተኩስ አብረውት የሚሄዱ ጠባቂ። ማዳበሪያውን ስከፍተው ጨው የተነሰነሰበት የሜዳ ፍየል ቆዳና ራስ ወጣ።

"ወንዱን እንዴት አየኸው?" አለኝ ሰውዬው።

"ሴት ናት።"

ሳቀብኝ። "ቀንዱ አይታይህም? እኔ ባሌ ላይ የደጋ አጋዘን የጣልኩ ሰው ነኝ!"

የደጋ አጋዘን ሴቷ ቀንድ የላትም። ይሄ ሰው አንድ ጊዜ ባሌ ደርሶ ስለመጣ የአገሩን አውሬ ሁሉ ያወቀ መስሎታል። የሜዳ ፍየል ግን ሴቷም ቀንድ አላት። የወንዱ ቀንድ ወፍራም ነው፣ ቀለበቶቹ ጎልተው ይታያሉ፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የእሷ ቀጭን ነው። አንድ ጠዋት ቁጭ ብሎ መንጋ ያየ ሰው ይህን ይለያል። እሱ ለማየት የሚሆን ጠዋት አልነበረውም። ይህች እንስሳ በምትኖርበት በረሃ ከሣር በምታገኘው እርጥበት ውኃ ሳትቀምስ ብዙ ቀን ትቆያለች። ግልገሏን ሣር ውስጥ ደብቃ ትሄዳለች፣ ለማጥባት ትመለሳለች፤ ግልገሉም እስክትመጣ ንቅንቅ አይልም። ከቆዳው ጋር የመጣውን ጡቷን ስጫነው የኮመጠጠ ወተት ወጣ።

ፈቃዱ የሚለው አንድ ያረጀ ወንድ ነው። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ያረጀ ወንድ ቢጎድል መንጋው አይጠፋም። ሴት ከተገደለች ግን ተጠያቂ ይፈለጋል፣ የሚገኘውም ሁልጊዜ ስካውቱ ነው።

ሰውዬው ይህን ያውቃል። "እንግዲያው እሱ ነው ያሳየኝ! 'ወንድ ነው፣ ተኩስ' አለኝ።"

"'ይቆዩ' ነው ያልኩት" አሉ ሽማግሌው። "ሁለት ጊዜ።"

"መኪና ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት ማን ይሰማሃል!"

ምን እንደተናገረ እንኳ አልገባውም። ከመኪና ላይ መተኮስ ራሱ ክልክል ነው።

አለቃዬ ጣልቃ ገባ። የደንበኛን ስድብ ሳይቀር በፈገግታ የሚቀበል ሰው ነው። "በቃ፣ ወንድ ብለህ ጻፍና ሁሉም በሰላም ይግባ። አለዚያ እኚህ አባት ከሥራ ይባረራሉ። አታዝንላቸውም?"

"ልጄ፣ ያየኸውን ጻፍ" አሉኝ ሽማግሌው። "ወንድ ካልካት በሚቀጥለው ወርም ከዚሁ ሰውዬ ጋር ይልኩኛል።"

ወደ ሰውዬው ዞርኩ። "ስትተኩስ እንዴት ቆማ ነበር?"

"ፊት ለፊቴ! ቀንዱን በደንብ አይቼ፣ ደረቱን አልሜ።"

ቆዳውን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ደረቷ ላይ ጭረት የለም። ቀዳዳው ያለው ቂጧ ላይ፣ ነጩ ፀጉር መካከል ነው።

አለቃዬ ቢላዋ አቀበለኝ። "ያችን ቁራጭ ቆርጠህ ጣላት።"

ቢላዋውን አስቀምጬ እስክሪብቶ አነሳሁ። "ሴት። የምታጠባ። ጥይቱ ከኋላ የገባ። ሲተኩስ መኪና ውስጥ እንደነበረ አዳኙ ራሱ ተናግሯል።" ፈርሜ በሽቦ አሰርኩት።

"ሽርጡን አውልቀህ ውጣ" አለኝ አለቃዬ።

አወለቅኩ። የተገደለውን ለመሥሪያ ቤቱ ማሳየት የስካውቱ ሥራ ስለሆነ ማንም ሊከለክለን አልቻለም፤ ማዳበሪያውን ከሽማግሌው ጋር ተጋግዘን እስከ ሚኒባስ ወሰድን፣ መሥሪያ ቤቱም ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ወንበር ቢሰጣቸውም ሽማግሌው አልተቀመጡም፤ እንደ ተከሳሽ ቆመው ጠበቁ። ኃላፊዋ ካርዱን አነበበች፣ ቆዳውን ገልጣ ቀዳዳውን አየች፣ ከዚያም ቀና አለች።

"አባቴ፣ ይቀመጡ" አለቻቸው። "አዳኙ ሲተኩስ መኪናውን የሚነዳው ማን ነበር?"