ዮፍታሔና መንገድ አዋቂዋ ሴትዮ

የእህቴ ልጅ ዮፍታሔ የወፍጮ መካኒክ ነው። «ወፍጯችን ቆመ» የሚል ስልክ ሲመጣለት መፍቻውን ከሞተር ሳይክሉ ኋላ አስሮ ከአሰላ ውልቅ ይላል። አንዳንዴ ዴራ ቆላ ወርዶ፣ በአርቦዬ ዞሮ፣ ጢቾ ደጋ ወጥቶ ሳምንት ቆይቶ ነው የሚመለሰው። ጭቃውንም፣ አቋራጩንም፣ ክፉ ውሻ ያለበትንም ደጅ ያውቃል። ይህ ልጅ ጂፒኤስ እስኪያገኝ ድረስ መንገድ ጠፍቶት አያውቅም። ይመዝገብልኝ!

ጂፒኤሱን ያገኘው ከአንድ ፈረንጅ ነው። ሰውዬው በሞተር አገር ለአገር ሲዞር ዴራ ላይ ተበላሽቶበት ዮፍታሔ ሠራለት። ፈረንጁ ደስ አለውና ከመሪው ላይ መዳፍ የምታክል ዕቃ ነቅሎ «ላንተ ትሁን» አለው። እኛም ደግ ሰው ነው አልን። ምን ደግ ነው! ተገላግሏት ነው እንጂ።

ዕቃዋ ትናገራለች። ድምጿ የሴት ነው፣ የምታወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሴትዮዋ» ይላታል። እህቴ መጀመሪያ ስትሰማት ልጇ ሚስት ይዞ የገባ መስሏት በደስታ ልትሞት ነበር።

የሴትዮዋ የመጀመሪያ ሕመም መንቀጥቀጥ ነበር። ሞተሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሽቦዋ ይላቀቅና ንግግሯን ሳትጨርስ ጭጭ ትላለች። ዮፍታሔ ሽቦውን በየደው፣ ከሥሯም የተቀደደ የጎማ ካላማዳሪ አነጠፈላት። ዳነች። ቀጥሎ ጥጋብ መጣባት፤ አስፋልት ካልሆነ አልሄድም አለች። ጢቾ አጠገብ ያለ ገጠር ሲጠይቃት በአዳማ በኩል ዙር ትለዋለች። አልሸሹም ዞር አሉ! ሆዷን ሲበረብር ከፈረንጁ ጋር የመጣ «ኮረኮንች አልወድም» የሚል ምርጫ አገኘና አጠፋው። ይኼኔ ክረምት ገባ። የአርሲ ዝናብ መስታወቷን ሲነካት የሰው ጣት ይመስላትና በገዛ እጇ መድረሻ ትቀይራለች። አንድ ቀን አርቦዬ ብሎ ተነስቶ የአንድ ባላገር ጎመን መሀል ገብቶ ቆመ። ባላገሩ በዱላ ሲጠጋው ዮፍታሔ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ መንገዱ እኮ በዚህ ነው የሚያልፈው!»

ለዝናቡም መላ አላጣም። ውስጡ እንደ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጭ የዱቄት ወተት ከረጢት ፈልጎ ኮፍያ ሰፋላት። ሲዘንብ ያለብሳታል፣ ማዘዝ ሲፈልግ እጁን ከሥር አስገብቶ ይነካታል። ኮፍያው ዝናብ አላስገባም። ሌላም ነገር አላስገባም ኖሯል፤ ይህን ያወቅነው ግን ከተዋረድን በኋላ ነው።

የሚወደውን ቦታ ሁሉ ይመዘግብባታል። የእናቱን ቤት፣ ደብሩን፣ ጎሚስታውን፣ ሽንት ቤታቸውን ሳይቀር።

«አንተ ልጅ፣ የእናትህ ቤት ይጠፋሃል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ጋሼ አየናቸው፣ ለጥንቃቄ ነው» አለኝ። ትቼው ሄድኩ።

በዚያው ክረምት ጢቾ አጠገብ የአቶ ገብረወልድን ወፍጮ ሊሠራ ተመላለሰ። ወፍጮው ከዳነ በኋላም ተመላለሰ። ነገሩ የገባን በኋላ ነው፤ አቶ ገብረወልድ ሮሐ የምትባል ልጅ አለቻቸው። እሷም ወዳዋለች። ጥቅምት ላይ ዓይኑ ቀልቶ ቤቴ መጣ። ከአርቦዬ ለአንድ ነጋዴ ልጅ የተላኩ ሽማግሌዎች እሁድ ቀትር ላይ ሊጠይቋት ነው። አቶ ገብረወልድ ደግሞ ቀድሞ ደጄ የቆመን ነው የምሰማው የሚሉ ሰው ናቸው።

«ካልቀደምን አጣኋት ጋሼ» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያለ አባት ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ ያኑ ቀን ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ።

ሽማግሌ ሆንን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው የክርስትና አባቱ ናቸው፤ ለግርማ ሞገስ ነው የያዝናቸው፣ መኪና ላይ ሲቀመጡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሦስተኛው ጎረቤቴ አቶ ከዲሮ ናቸው፤ አሰላ ውስጥ በኦሮምኛም በአማርኛም እንደሳቸው የሚለምን ሽማግሌ የለም። ነገር ሲያዞሩ አፍ ያስከፍታሉ። የሰው ስም፣ የነገር ስም አይጠሩም፤ ሁሉ በምሳሌ ነው።

እሁድ በማለዳ ሚኒባስ ይዘን ከዮፍታሔ ሞተር ኋላ ተከተልን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሴትዮዋ ያለ ኮፍያ መሪው ላይ ተኮፍሳ ታዛለች። ከጢቾ አለፍ ብሎ መንገዱ ለመኪና እምቢ ሲል ቆምን። ሙሽራ በሽማግሌ ቀን አይታይም፤ ነውር ነው። ዮፍታሔ ሞተሩን ባሕር ዛፉ ውስጥ ደበቀና ሴትዮዋን ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ቤቱ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት።

«ምልክት አያስፈልግም፤ እሷ በራፉ ላይ ታደርሳችኋለች። ሮሐ ብዬ መዝግቤዋለሁ።»

«ሰው ብንጠይቅስ?» አሉ አቶ ከዲሮ።

«ኧረ በማርያም! ወሬው ቀድሞን ይገባል!»

እውነቱን ነው፣ ሽማግሌ የሚሄድበትን አያወራም። ቀስቷን እየተከተልን ጋቢያችንን ሰብስበን አቀበቱን ወጣን። አንድ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገረችና ዝም አለች። ደረሳችሁ ማለቷ እንደሆነ ያን ያህል እንግሊዝኛ አለኝ።

አባወራው ወጡ። አቶ ከዲሮ «አከም ቡልተኒ» ብለው የማለዳ ሰላምታ ጀመሩ፣ የከብቱ፣ የእህሉ፣ የልጆቹ፣ የጎረቤቱ ጤና አንድ በአንድ ተጠየቀ። ግቡ፣ ተቀመጡ ተባልን። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ቆመን ቀረን። ሰው የመጣበትን ሳይናገር «ማን ናችሁ» ማለት ደግሞ ለባለቤቱ ነውር ነው። እኛም የሰውን ትልቅ በስሙ አንጠራም። እንዲህ ሁላችን ጨዋ ሆነን ገደል ገባን።

«ከጓሮዎ አንዲት አበባ አይተናል» አሉ አቶ ከዲሮ። «እኛም አንድ ቀፎ አለን። ቀፎና አበባ እንዲተዋወቁ ልንለምን ደጅዎ ቆመናል።»

አባወራው አንዴ አዩን፣ አንዴ ወደ ጓዳ አዩ። በዕድሜዬ ስንት ደጅ ቆሜያለሁ! አባት መጀመሪያ ቀን «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ነው የሚለው። እኚህ ሰውዬ ግን ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉና «እሺ!» አሉ። «እሺ ብያለሁ! እግዜር ይስጣችሁ! ተቀመጡ!»

ቆመው ያንቀላፉት የክርስትና አባቱ እንኳ ነቁ። እኔ ደግሞ ቅር አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ግን እሺ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ተቀመጥን፣ ቀረበልን፣ በላን።

እኛ ስንበላ ታች ምን እንደሆነ ሮሐ ናት በኋላ የነገረችን። ብትጠብቅ የለንም። ዮፍታሔ ጋ ደወለች።

«ሽማግሌዎችህ የታሉ?»

«ደርሰዋል እኮ! ከሄዱ ቆዩ።»

«እኛ ቤት የደረሰ ሰው የለም፣ ዮፍታሔ። ቀትር ሊሆን ነው።»

እኛ ጋ ቢደውል ለክብር ብለን ስልካችንን አጥፍተናል፤ ልጁ ነውሩንም ሞተሩንም ጥሎ በእግሩ ሮጠ። ቀስት የለ፣ ሴትዮ የለች! በቦዩ ዘሎ፣ የገብሱን ዳር ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ አቶ ገብረወልድ ፊት ቆመ። ሊናገር የመጣው ሁሉ ጠፋበት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ሽማግሌዎቼ ጠፍተውብኛል።»

አቶ ገብረወልድ ሰው ጠፋ ሲባል የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። የማን ሽማግሌ፣ ለምን ጉዳይ፣ ሳይሉ ዱላቸውን አነሱ። «ከላይ ነገሳ ቤት እንጠይቅ፤ አላፊ አግዳሚው በሱ ደጅ ነው የሚያልፈው» ብለው ፊት ፊት ወጡ።

እኛ ጉርሻችን ላይ ነን። አንድ ሽበታም ሰው በሩ ላይ ቆሙና «ነገሳ፣ ሦስት የጠፉ ሽማግሌዎች አላየህም?» አሉ።

«የጠፉ?» አሉ የእኛ አባወራ። «የጠፉ የሉም። እነዚህ ልጄን ተስፋነሽን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። እሺ ብያለሁ!»

ከሰውዬው ኋላ ዮፍታሔ ብቅ አለ።

«አንተ ነውረኛ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሙሽራ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ጋሼ አየናቸው፣ የሮሐ ቤት ታች ነው» አለ። አመድ መስሏል።

ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩ። አቶ ከዲሮ «ያ ረቢ!» ብለው ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። አቶ ነገሳ ተቆጡ፤ ቢቆጡ ይፈረድባቸዋል?

«ሽማግሌ ደጄ ቆሞ ለምኖኝ፣ እሺ ብዬ፣ ማዕድ ቆርሼ! ቃል ዕቃ ነው እንዴ የሚመለሰው? ልጁ የኔ አማች ነው!»

ልጃችን ሮሐን ሊያጣ መሆኑ ብቻ አይደለም፣ በሴትዮዋ ምክንያት ሌላ ሚስት ሊያገባ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይኼኔ ተስፋነሽ ከጓዳ ወጣች። አስተማሪ ናት፤ ኮራ ያለች፣ ደርባባ ልጅ። ዮፍታሔን ስታይ ሳቋ አመለጣት።

«ይሄ ነው እንዴ? አባዬ፣ ይሄ እኮ ክረምቱን ሙሉ ደጃችን ቆሞ አንድ ዕቃ ወደ ሰማይ ሲዘረጋ የነበረው ሰውዬ ነው! ዝናብ ሲመጣ በሚያብለጨልጭ ከረጢት ይጠቀልላትና ወደነ ሮሐ ይወርዳል። እኔ ይሄን አላገባም! ገበያ ብልከው የሚመለስ አይመስለኝም።»

ዮፍታሔ ግንባሩን መታ። ያ የወተት ከረጢት ሳተላይቱን ጋርዶባታል። ሮሐ ቤት ሆኖ በኮፍያው ሥር «መዝግቢ» ሲላት፣ መጨረሻ ሰማይ ያየችበትን ቦታ፣ የአቶ ነገሳን ደጅ ነው ሮሐ ብላ የመዘገበችው።

«እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቃልህን አላጠፍክም አባዬ» አለች ተስፋነሽ። አቶ ነገሳ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ፣ በመጨረሻ ራሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን እግሯ ላይ ብወድቅ ደስ ባለኝ።

ከአቶ ነገሳ ደጅ ታች ያለው ሁሉ ይታያል። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች በአቶ ገብረወልድ በር ሲገቡ አየን። የአርቦዬ ሽማግሌዎች! ዮፍታሔ አጥሩን ተደግፎ ቁጭ አለ። አቶ ከዲሮ አበባና ቀፏቸውን እንደገና ሊያነሱ ሲሉ አቶ ገብረወልድ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«ገብቶኛል፣ አይድከሙ። ለነዚያ ቀድመዋችኋል እላቸዋለሁ።»

የኔ አፍ መች አርፎ! «እኛ እኮ የመጣነው አቶ ነገሳ ቤት ነው» አልኩ።

«እናንተማ ነገሳ ቤት ናችሁ» አሉ። ጭቃ የበላውን ልጅ ቁልቁል አዩት። «እሱ ግን ሽማግሌ ጠፋበት እንጂ ቤቴ አልጠፋበትም። ተነሳ ልጄ።»

ተያይዘን ወረድን። ሮሐ በር ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሴትዮዋ እጄ ላይ እንዳለች ሳትታክት ትለፈልፋለች።

«ምን ሆና ነው የምትጮኸው?» አሉ አቶ ገብረወልድ።

«ተሳስታችኋል፣ ወደ ሮሐ ተመለሱ ነው የምትለው» አለ ዮፍታሔ። ዓይኑ በሩ ላይ እንደተተከለ ከእጄ ተቀበለኝና አጠፋት።