ዳይፐር ታቅፋ የተሸለመችው ሊቀመንበራችን

ሰብለ ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ አዳራሽ ውስጥ የዳይፐር ካርቶን እንደታቀፈች መድረክ ላይ ወጣችላችሁ!

ሰብለ የእህትማማቾች ማህበራችን ሊቀመንበር ናት። ለመሪነቷ ልንሸልማት ስንል ሁለት ጊዜ "ለሌላ ሰው ስጡ" ብላ ቀርታብናለች።

ዘንድሮም ከሰማች እንደማትመጣ ስለምናውቅ ዋሸናት። "የሄለን ቤቢ ሻወር ነው፣ ለሚወለደው ልጅ ስጦታ ይዘሽ ነይ" አልናት።

(አባላችን ሄለን እርጉዝ ናት፤ ግን ገና አራት ወሯ ነው። ሰብለም "አልቸኮላችሁም እንዴ?" ብላ ነበር።)

ስሟ ሲጠራ ክው አለች። "እናንተ ውሸታሞች! ምን ሠራሁና ነው የምሸለመው?" አለች ማይኩን ይዛ።

መድረክ መሪዋ ወደ እኛ ዞረችና "በሰብለ መኪና መንዳት የተማራችሁ፣ እስቲ ተነሱ" አለች።

አዳራሹ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ተነሳ! ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሀያትስቪል፣ ከሄርንደን የመጣን ሴቶች፣ ዛሬ ራሳችን ነድተን የመጣን።

እኔም ተነሳሁ። የመኪናዋን ባምፐር የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በማግስቱም "ነይ፣ ዛሬ ፓርኪንግ እንለማመዳለን" ብላ ደውላልኛለች።

ሰብለ ቆማ አየችን። ካርቶኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችና እንባዋን ጠርጋ "እሺ በቃ፣ አምጡት" አለች። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር!

እናንተን መንዳት ያስተማረቻችሁ ማን ናት? ስሟንና የገጫችሁባትን ነገር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።