ቀዳዳ ፈላጊው ጃፌት

ጃፌት ምዋዞ ሌባ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እሱ ራሱ ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ሳይሰለች ይደጋግመው ስለነበር ነው። ከቮይ ከተማ መጥቶ ሞምባሳ፣ ምዌምቤ ታያሪ ሰፈር፣ ከቁም ሳጥን የማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። እንጀራው ጥገና ነው፤ ኩራቱ ግን ሌላ። የድርጅቶችን ኮምፒውተር ሰብሮ ይገባና የገባበትን ቀዳዳ ለባለቤቶቹ ይጽፍላቸዋል። «ተመራማሪ ነኝ» ይላል። አንድ የአውቶቡስ ድርጅት «እናመሰግናለን» ብሎ የላከለትን ሁለት መስመር አትሞ፣ መስታወት ውስጥ አስገብቶ፣ ከተሰበሩት ስልኮች በላይ ሰቅሎታል። ደንበኛ ሲገባ ከዋጋው በፊት የሚያሳየው እሱን ነው።

እኔ አንድ የግል የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ከጃፌት ጋር ቱዶር ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ የየራሳችንን ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት እኛ ጋ ደም ሰጠ። ውጤት በእጅ ከምንሰጠው ወረቀት ሌላ በስልክም እንልካለን፤ ሊንኩ ሲነካ የታማሚው ወረቀት ይከፈታል። ጃፌት ታይፎይድ እንዳለበት ሲያውቅ እንደ ሰው መድኃኒት መግዛት ነበረበት። እሱ ግን በሊንኩ መጨረሻ ያለችውን ቁጥር በአንድ ቢያሳድጋት የማያውቃት ሴትዮ የሽንት ምርመራ ወጣለት።

እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ የምነቅፍበት አፍ ባልኖረኝ። ቀዳዳ መኖሩን ለማሳየት አንድ ወረቀት ይበቃል። እሱ በሁለት ቀን የአራት ሺህ ሰው ወረቀት አወረደ።

«አራት ሺህ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ማስረጃ ነዋ። አንድ ባሳያቸው ‹አጋጣሚ ነው› ይሉኛል።»

«የሰው በሽታ እኮ ነው።»

«እኔ አላነበውም፣ ካድዞ። እኔ የማየው አሠራሩን ነው።»

ይህን ባለበት አፉ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ የአከራያችን ስኳር ስንት እንደደረሰ ነገረኝ። ስለ እሱ ብቻ ባወራ ደስ ባለኝ፤ ግን «እስቲ አሳየኝ» ብዬ አንገቴን አስግጌ አይቻለሁ።

ስለ ቀዳዳው ለላቦራቶሪው ደብዳቤ ጻፈ። ዳይሬክተራችን ዶክተር ሙሊ አስጠራው፤ ቃለ ጉባኤ እንድይዝም እኔን አስገባኝ። ሙሊን አንቱ ማለት ያቆምኩት በዚያ ቀን ነው። ስለ ወረቀቶቹ አንድም ነገር አልጠየቀም።

«የት ነው የተማርከው?» አለው።

«በራሴ ነው።»

«በራስህ። ይህን የሠሩልን ናይሮቢ ያሉ መሐንዲሶች ናቸው። አንተ ስልክ ጠጋኝ ነህ። ሁለተኛ እዚህ ባይህ ፖሊስ ነው የምጠራው።»

በዚያው ሳምንት ሙሊ አንድ ነገር አደረገ። «የእርስዎ ምስጢር በእኛ ዘንድ የተጠበቀ ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አሳትሞ በሩ ላይ እንድለጥፈው ሰጠኝ። ቀዳዳው እንዳለ ቀረ።

ጃፌት ሦስት ሳምንት ጠበቀ። የሚያንገበግበኝ የሕዝቡ ጉዳይ ነው እያለ ይምላል፤ እኔ ግን ያንገበገበው «ስልክ ጠጋኝ» የምትለዋ ቃል እንደሆነች አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ዐሥር ወረቀት መርጦ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። ስሞቹን በጥቁር ሸፍኗቸዋል። ለዚህ ጥንቃቄው መመስገን የሚገባው ሳይመስለው አልቀረም። ዕድሜውን፣ ሰፈሩንና ሙያውን ግን አልሸፈነም።

አንዱ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ወንድ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት፣ ቱዶር፣ ጀልባ ጠጋኝ። የዘር ፈሳሽ ምርመራ። ሕያው ዘር የለም፤ በጉርምስና ዕድሜ በያዘው ጆሮ ደግፍ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ቱዶር ዳርቻ፣ ውሃ እንዳያስገባ በዓሣ ዘይት የራሰ ጥጥ በጀልባ ሳንቃ መሀል እየጠቀጠቀ የሚኖር የዚያ ዕድሜ ሰው አንድ ነው። ባባ ካሂንዲ። የሦስት ልጆች አባት።

ለምሳ ሳይደርስ ወረቀቱ በሰፈሩ ስልክ ሁሉ ገባ። ወጣቶቹ ከጀልባ ላይ ሆነው፣ በትሕትና ቃል፣ «ባባ፣ ትንሹ ልጅዎ ማንን ነው የሚመስለው?» ይሏቸዋል። ሚስታቸው ዳማ ውሃ ለመቅዳት እንኳ መውጣት አቃታት። በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ትንንሾች ይዛ ኪሊፊ የሚኖር ወንድሟ ጋ ሄደች። ትልቁ፣ ሳፋሪ፣ ከአባቱ ጋር ቀረ፤ በአንድ ጣራ ሥር ሆነው ግን አይነጋገሩም።

ሐሙስ ዕለት ወረቀቱን እንዲያነሳው ልለምነው ሱቁ ሄድኩ። «ካነሳሁት እኮ ሙሊ አሸነፈ ማለት ነው» እያለኝ ሳለ ባባ ካሂንዲ ገቡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ዘይት ነው። ጃፌት ደንበኛ መስለውት ወንበር ሳበላቸው።

«ምን ልርዳዎት፣ ባባ?»

«ከለጠፍካቸው አንዱ የእኔ ነው።»

ጃፌት ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። «ስምዎን እኮ ሸፍኜዋለሁ» አላቸው።

«አይቼዋለሁ። ጎበዝ።»

«ጥፋቱ የላቦራቶሪው ነው። ገመናዎን ሜዳ ላይ የጣሉት እነሱ ናቸው። እኔ ለእናንተ ብዬ ነው። አንድ ክፉ ሰው ቀድሞኝ ቢያገኘውስ?»

«ክፉው ሰው ምን ያደርገው ነበር?»

ጃፌት ወንበሩን ለቀቀው።

«ሁለት ዓመቴ ይህን ካወቅኩ» አሉ ባባ ካሂንዲ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ወረቀቱን ይቺ ናት የሰጠችኝ። ቀድጄ ጣልኩት፤ አናናስ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ዳማ ማወቄን አታውቅም ነበር። ልጆቹ የእኔ ናቸው። ተታልዬ አይደለም፣ ወስኜ ነው። አሁን ሳፋሪ ሲያየኝ የተታለለ ሰው ነው የሚያየው።»

«ቀዳዳው ግን መታወቅ ነበረበት።»

«ልጄ፣ እኔም ሠላሳ ዓመት ቀዳዳ ስፈልግ ነው የኖርኩት። ሰው አውርጄ፣ ጀልባዋን አሸዋ ላይ ጎትቼ ነው የምፈልገው። አንተ ሰው እንደጫነች፣ ባሕር መሀል፣ ሳንቃ ነቀልክ። ለምን? ባለቤቷ ስለሰደበህ።»

ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ወጡ። ጃፌት በዚያው ከሰዓት ወረቀቱን አነሳው። ምን ዋጋ አለው፤ በየሰዉ ስልክ ላይ ተቀምጧል።

ጋዜጠኞች መጥተው ሲጠይቁ ላቦራቶሪው ቀዳዳውን በአንድ ከሰዓት ደፈነው። አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የፈጀው። ሙሊ «እኛም ተጠቂዎች ነን» አለ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ አፉን ለማስዘጋት ጃፌትን የደኅንነት አማካሪ አድርጎ ቀጠረው። ተጨባብጠው ፎቶ ተነሡ። ስልክ ጠጋኙ «ኢንጂነር» ተባለ፤ ፖሊስ ሊጠራበት የነበረው ሰው አሁን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ እየቆመ ስለ ሥነ ምግባር ንግግር ያደርጋል። ባይተዋወቁም ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ለስሙ ሲል ዝም አለ፣ ሌላው ለስሙ ሲል ለፈፈ። ለሁለቱም ሻይ ማቅረብ ስላስጠላኝ ሥራውን ለቀቅሁ።

ዳማ ከአራት ወር በኋላ ተመለሰች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ አልጠየቅኩምም። ቤተሰቡ ሁሉ፣ ሳፋሪም ጭምር፣ ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ላሙ ደሴት ሊሄዱ ሆነ። ልሰናበታቸው ዳርቻው ድረስ ስወርድ ባባ ካሂንዲ የመጨረሻዋን ጀልባ ይጠግኑ ነበር። ስልካቸውን አወጡና «ያ ልጅ ላከልኝ። በእንግሊዝኛ ነው፣ አንብቢልኝ» አሉኝ።

የጃፌት መልእክት ረጅም ነው። እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው፤ ቁጥሮቹ ተከታታይ መሆናቸው ምን ያህል ትልቅ ስሕተት እንደነበር፣ ሕጉ ተመራማሪዎችን መጠበቅ እንዳለበት፣ ሙሊ ደብዳቤውን እንዴት እንደናቀበት። እሳቸው መዶሻቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«ይቅርታው የቱ ጋ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ወደ ታች ወረድኩ። «አለ፣ እዚህ ጋ። ‹በዚህ ሂደት ቅር ተሰኝተው ከሆነ› ይላል።»

«‹ከሆነ› ነው ያለው?»

«አዎ፣ ባባ። ‹ከሆነ›።»

ስልኩን ተቀበሉኝ፣ በሽርጣቸው ጠረጉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«ያን ጥጥ አቀብዪኝ» አሉኝ።