ቺንግዳኦ ስትሸኝ

እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። ከኦክላንዱ ቴሜስካል ሰፈር ሳን ሆዜ፣ ከሳን ሆዜ ሳኒቬል፣ ከሳኒቬል ደግሞ ኤመሪቪል፤ ቤተሰቤን ይዤ ስዞር ነው የኖርኩት። አሁንም ሳን ሆዜ ሌላ ሥራ አግኝቼ እሺ ብያለሁ። ባለቤቴ ሳትወድ ተስማምታለች። የቀረን ለስምንት ዓመት ሴት ልጃችን መንገር ነበር፤ እሷ ደግሞ የልብ ጓደኛ ያገኘችው ገና እዚህ ነው።

ይህ አመል የያዘኝ ቺንግዳኦ ይመስለኛል። በስኮላርሺፕ የተማርኩባት የቻይና ወደብ ናት። ጀርመኖች ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት በሊዝ ወስደዋት፣ ለዘላለም የሚኖሩ ይመስል ቀይ ጣሪያ ያላቸው የድንጋይ ቤቶች ሠሩባት። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይደፍኑ ጃፓኖች አስወጧቸው። እኔ ከነዚያ ቤቶች በአንዱ፣ ብርዱ በሚያንዘፈዝፍ ክፍል ተከራይቼ ነበር። የነሱን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ፣ ኪራይ ቤት ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ራሱ ከንቱ ድካም ሆነብኝ።

አከራዬ አሮጊት ነበሩ። በአገራቸው ወግ ለመጣ ሰው ኑድል፣ ለሚሄድ ሰው ጂያኦዚ ይቀርባል። ጂያኦዚ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ነው።

«ጀርመኖቹንስ ጂያኦዚ አብልታችሁ ሸኛችኋቸው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እነሱ መች ተጠርተው መጡና?» ብለው ሳቁ። እኔ ስሄድ ግን እስኪያንቀኝ አበሉኝ።

ወጉን ለቤቴ ወረስኩት። ቤት በቀየርን ቁጥር ስንለቅ ጂያኦዚ፣ ስንገባ ኑድል እንበላለን። ለልጄ ጨዋታ የፈጠርኩላት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከኦክላንድ ቻይናታውን ጂያኦዚ ገዝቼ ገባሁ። እየበላን ልነግራት ነበር ሐሳቤ። ሳህኑን ገና ሳስቀምጠው ሹካዋን መለሰች።

«አይ አም ኖት ሃንግሪ።»

«የምትወጂው አይደል እንዴ? አንድ ብቻ ቅመሺ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በደንብ እንድሰማት ፈልጋ ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ካልበላሁት እዚሁ እንቀራለን?»

ባለቤቴ መብላቷን ትታ ተመለከተችኝ። «መልስላታ» አለችኝ።

«አዎ» ልላት ፈለግሁ። ግን ቤቱን በወሩ መጨረሻ እንደምንለቅ ለአከራያችን ነግሬ ጨርሻለሁ።