ታይሚንጉን በእኔ ጆሮ ያስተካከልኩ ዕለት

ሱዳን፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ስንኖር ባለቤቴ በአንዲት አሮጌ ታክሲ ነበር የሚያሳድረን። ጋራዥ ወስዷት አያውቅም፤ ሕመሟን በጆሮው ይለየዋል። እኔም ቁልፍ እያቀበልኩት፣ ሞተሩ ላይ አብሬው እያጎነበስኩ ዓመታት አልፈዋል። መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን የሞተሩን እሳት የሚያስነሳውን ፑንቲና በአዲስ ቀይሮ፣ ታይሚንጉን፣ ማለትም እሳቱ የሚነሳበትን ቅጽበት፣ ሳያስተካክል ወባ ጣለው። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችንን አውቶቡስ መናኸሪያ ልናደርሳት ቃል ገብተናል። ወሎዬ ናት፤ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ጠቅልላ አገሯ መግባቷ ነው። ታክሲዋ ግን ብትነሳም ታስላለች፤ ነዳጅ ሲሰጧት መጎተት አቃታት። ጎረቤታችን ሌላ መኪና ልፈልግ ስትል አያስፈልግም አልኳት።

ባለቤቴ የተኛበትን አንገረብ፣ የገመድ አልጋውን፣ ወደ መኪናዋ እንድናስጠጋለት ጠየቀ። ተኝቶ ሊያዳምጥ ነው። ሞተሩን አስነስቼ እሳቱን የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ ብሎን አላላሁና በእጄ ማዞር ጀመርኩ።

«ሸዋያ፣ ሸዋያ» ይለኛል፣ ቀስ በይ ሲል። ሳዞረው የታክሲዋ ሳል ቆመ፣ ሞተሩም ፈጠነ።

«ኸላስ፣ እሰሪው» አለ፣ በቃ ማለቱ ነው።

ነዳጅ ሰጥቼ ስሞክራት ግን ከውስጥ ጠጠር የሚንቋቋ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ከልኩ አልፏል ማለት ነው፤ የጎረቤታችንን ሻንጣዎችና ሸኚዎቿን ጭና ብትሄድ ሞተሩ ይጎዳል። ስነግረው ምንም አይሰማኝም አለ። የዋጠው የወባ ኪኒን ጆሮውን እያስጮኸው እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«ዛሬ በእኔ ጆሮ ነው የምንሄደው» አልኩት።

አየት አደረገኝና ዓይኑን ጨፈነ። በቃ፣ ሥራው ለእኔ ተተወ። ጥቂት መለስ አድርጌ ብሎኑን አጠበቅሁ። ለሙከራ ሻንጣዎቹን ጭኜ፣ ጎረቤታችንንና ሊሸኟት የመጡትን ጓደኞቿን ኋላ አስቀምጬ አስፋልት ወጣሁ። ነዳጁን ስረግጠው ድምፁ ለቅጽበት ተሰማና ጠፋ። የምፈልገውም ይኸንኑ ነበር፤ ለቅጽበት ብቻ ከተሰማ ልኩ ላይ ነው ማለት ነው። ታክሲዋ እንደ ልቧ ጎተተች።

በማግስቱ ጎረቤታችንን ከነሻንጣዋ አውቶቡሷ ደጃፍ አደረስኳት። አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔ ግን ደስታዬ በልጦብኝ ማልቀስ አቃተኝ።

ባለቤቴ ሲሻለው ታክሲዋን ባህሪ እስከሚባለው ከተማ ነድቶ ተመለሰ። ሥራዬን ለማረም የሞተሩን ክዳን እንኳ አልከፈተም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሱዳናዊ ሹፌር፣ ሞተሬ ይንቋቋል ብሎ ሊያማክረው መጣ። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ዞሮ ጠራኝ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ወጣሁ።